ትሪዮ፣ ብላክቤሪ፣ ኢ71 እና የመጀመሪያው አይፎን፦ ለመልክ ነበር ወይስ ለሥራ የገዛናቸው?

አሮጌ_ቀፎ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ) ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ማታ የልጄን የክትባት ወረቀት ፍለጋ መሳቢያ ስበረብር በአንድ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት ስልኮች አገኘሁ። አንዱ የእኔ ባለ ቁልፍ ሰሌዳ ስልክ፣ ፓልም ትሪዮ 650 ነው፤ ሌላው ታናሽ ወንድሜ ትቶት የሄደው የመጀመሪያው አይፎን። ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣቸው እ.ኤ.አ. በ2007 እሑድ እሑድ ቡና ላይ ከወንድሜ ጋር የተከራከርንበት ነገር እንዳለ ተመለሰብኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ያኔ የሕክምና አስተርጓሚ ነበርኩ። በቀን አራት አምስት ቀጠሮ ይኖረኛል፤ አንዱ ሜሪላንድ ያለ ሆስፒታል፣ ሌላው ቨርጂኒያ ያለ ክሊኒክ። መሥሪያ ቤቱ እየደወለ ይሰርዛል፣ ይጨምራል፣ ሰዓት ያዛውራል። እኔ ይህን ሁሉ የማስተናግደው ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በሌላው ስልክ ይዤ ነው። ትሪዮ ፊቱ ላይ ቀን መቁጠሪያውን ብቻ የሚከፍት ቁልፍ ነበረው። ስክሪኑ ጠፍቶ እያለ እንኳን ያንን ቁልፍ ስጫን የዕለቱ ቀጠሮዬ ፊቴ ይደቀናል። ሰው ለመፈለግ ደግሞ የስሙን መነሻ ፊደልና የአባቱን ስም ሁለት ፊደል መጻፍ ይበቃል። ይህ ለፈረንጅ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በቤተሰብ ስም ለሚጠራራ ሕዝብ ምንም ላይሆን ይችላል። በእኔ ማውጫ ውስጥ ግን ስድስት አስቴሮች ነበሩ። የአባቷን ስም መነሻ ስጨምር የምፈልጋት አስቴር ብቻ ትቀራለች።

ወንድሜ አይፎኑን የገዛው በወጣበት ቀን ነው፣ ጁን 29 ቀን 2007። ባለ 8 ጊጋባይቱ 599 ዶላር፣ ያውም ከሁለት ዓመት ውል ጋር። ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ ዋጋው ወደ 399 ወረደ። መስታወቱን በጣቱ ሲገፋው ስሞቹ እንደ ውሃ ይፈሱ ነበር፤ ማማሩ አያከራክርም። ነገር ግን በስም መፈለግ አይችልም ነበር፤ ማውጫውን በጣትህ እየገፋህ መውረድ ነው። ጽሑፍ ቀድቶ መለጠፍ አይችልም፤ እሱን ለማግኘት እስከ 2009 መጠበቅ ነበረበት። የሌላ ሰው መተግበሪያ አይጫንበትም፤ የመተግበሪያ መደብሩ የተከፈተው በጁላይ 2008 ነው። ሦስተኛው ትውልድ (3ጂ) ኔትወርክም አልነበረውም።

የአፕል ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ጃንዋሪ 9 ቀን 2007 ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ቆሞ አይፎንን ሲያስተዋውቅ አስቀድሞ የተቸው የእኛን ስልኮች ነው። ሞቶሮላ ኪው፣ ብላክቤሪ፣ ትሪዮ፣ ኖኪያ ኢ62 በአንድ ረድፍ ተደርድረው ታዩ። ችግራቸው ከታች ያለው 40 በመቶ ያህሉ ነው አለ፤ ቁልፎቹ ብትፈልጋቸውም ባትፈልጋቸውም እዚያው ተተክለው ይቀራሉ። የእኔ መልስ ያኔም ዛሬም አንድ ነው። ቁልፎቹን የምወዳቸው እዚያው ተተክለው ስለሚቀሩ ነው። አውራ ጣቴ ቤታቸውን ያውቃል።

በእኔ እምነት በዚያ ዓመት ለሥራ የተሠራ ዕቃ ለዓይን በተሠራ ዕቃ ተሸነፈ። እናንተስ? በዚያን ዘመን ምን ይዛችሁ ነበር? ምንስ ትሠሩበት ነበር? እባካችሁ «ያምር ነበር» ወይም «ይመች ነበር» ብላችሁ አትለፉት፤ ምን እንደሠራችሁበት ንገሩኝ።


ቀለምና_ሰሌዳ (አዲስ አበባ) ጻፈች፦

ወንድሜ አሮጌ ቀፎ፣ ጽሑፍህን በደስታ ነው ያነበብኩት፤ በመደምደሚያህ ግን አልስማማም። «ለሥራ» ስትል የአንተን ሥራ ብቻ ነው የቆጠርከው። የአንተ ሥራ መጻፍና መመለስ ነበር። የእኔ ሥራ ማየት ነው።

እኔ የግራፊክስ ባለሙያ ነኝ። በ2008 አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የመጀመሪያውን አይፎን አመጣልኝ። በዚያው ሰሞን የሠርግ ጥሪ ካርድ እሠራ ነበር። ደንበኞቼ ናሙናውን ለማየት ወይ ቢሮ ይመጣሉ ወይ እኔ አሳትሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ አንድ ፊደል ከተቀየረ እንደገና ማተም ነው። አንድ ቀን ግን የሙሽራዋን አባት ሆቴል ሎቢ ውስጥ አገኘኋቸው። ገመድ አልባ ኢንተርኔት ነበረ። ናሙናው በፒዲኤፍ ኢሜይል ተደርጎልኝ ነበርና ስልኬ ላይ ከፍቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩት። ሁለት ጣቴን ዘርግቼ ርእሱን ሳጎላላቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፤ ይህ በእሳቱ ሰ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። አምስት መቶ ካርድ ሊታተም አንድ ቀን ቀርቶት ነበር።

ያ መስታወት ለዓይን የተሠራ ነው ብለሃል። አዎ፣ ለዓይን ነው የተሠራው፤ ለዚህ ነው የጠቀመኝ። ስክሪኑ 3.5 ኢንች፣ 320 በ480 ነጥብ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ይመስላል፤ ያኔ ግን አንድ ሙሉ ገጽ ከነቅርጹ የማይበት ሌላ ስልክ እጄ ገብቶ አያውቅም። በሌሎቹ ላይ ድረ ገጽ ስከፍት ተቆራርጦ፣ ሥዕሉ ወጥቶ፣ አንድ ረጅም የጽሑፍ ክር ሆኖ ነው የሚመጣው።

ደግሞ ልብ በሉ፦ በዚያው ስልክ ላይ አንድ ሰው በአማርኛ ኢሜይል ቢጽፍልኝ የማየው ባዶ ሳጥኖችን ብቻ ነበር። ፊደላችን በውስጡ የለም። ፒዲኤፉ ግን ፊደሉን በሆዱ ይዞ ስለሚመጣ ጥርት ብሎ ይታያል። ጋዜጣም ቢሆን በፒዲኤፍ ያገኘሁትን አነብበት ነበር። አማርኛ የማይችል ስልክ አማርኛ ያነበበልኝ በዚያ ስክሪን ምክንያት ነው።


ጥገና_ቤት (መርካቶ) ጻፈ፦

ሁለታችሁም ከገዢ ወገን ነው የምትናገሩት። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ያየሁትን ላውጋችሁ።

በ2000 ዓ.ም. (በእኛ) ዘመድ ከአሜሪካ የላከላቸው ሰዎች አይፎን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ስልኩ ለአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ የተቆለፈ ነው፤ ዲኮድ ካልተደረገ የእኛን ሲም ካርድ አይቀበልም። ዲኮድ አድርገን ስንሰጥ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር ነበር፦ ማሻሻያ ጫን ሲላችሁ እንዳትጭኑ። በሴፕቴምበር 2007 የወጣው 1.1.1 የተባለው ማሻሻያ ዲኮድ የተደረጉትን ብዙ ስልኮች ከጥቅም ውጪ እንዳደረገ ዓለም ሁሉ የሰማው ነው። ኖኪያ የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ጭንቀት አያውቅም።

የጽሑፍ መልእክት በአገራችን ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ ለ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው የተለቀቀው። የዚያን ሰሞን የሕዝቡን ደስታ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ግጥም፣ ምርቃት፣ የበዓል መልካም ምኞት ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይበርር ነበር። በተራ ኖኪያ «አስተላልፍ» የሚለውን መርጠህ ለአሥር ሰው ትልካለህ። የመጀመሪያው አይፎን ግን የመጣለትን መልእክት ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም ነበር። አንዱን መልእክት ለብዙ ሰው መላክ የቻለውም በጃንዋሪ 2008 ማሻሻያ ነው፤ ያንን ደግሞ ጫን ብዬ ማንንም አልመክርም። የገና ዕለት አንድ ደንበኛዬ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ከጓደኛው ስልክ እያየ ባለ ስድስት ስንኝ ምርቃት በመስታወቱ ላይ ፊደል በፊደል ሲገለብጥ አይቻለሁ። ለእናቱ ሊልክ ነበር።

ባትሪውን ደግሞ ተመልከቱ። ኖኪያ፣ ብላክቤሪ፣ ትሪዮ፦ ክዳኑን በጥፍርህ ትከፍታለህ፣ ባትሪ ትቀይራለህ። መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ ሁለት ባትሪ ይዞ መውጣት የብዙ ሰው ልማድ ነበር። የመጀመሪያው አይፎን ከታች ያለችው ጥቁር ፕላስቲክ ካልተነሣች አይከፈትም፤ ከተከፈተም ባትሪው በብየዳ የተያያዘ ነው። ውጪው ለስላሳ እንዲሆን ሲባል ውስጡ ለጠጋኝ ተዘጋ። ይህን የምለው በቁጭት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ስልኮች ሁሉ ማለት ይቻላል የተከተሉት ይህንኑ መንገድ ነው።


የዴራ_ልጅ (ዱባይ) ጻፈች፦

እኔ ስለ ብላክቤሪ የሚናገር ሰው ስጠብቅ ነበር፤ ካልመጣ እኔው ልናገር።

በ2009 መጨረሻ ከርቭ 8520 ገዛሁ። ሆቴል ውስጥ የክፍል ማስያዣ ክፍል ነበር የምሠራው። እዚህ አገር ያኔ ብላክቤሪ የሥራ ብቻ አልነበረም። ወጣቶቹ በቀለም በቀለም ሽፋን ያለብሱታል፤ ሰው ሲተዋወቅ የሚለዋወጠው ስልክ ቁጥር ሳይሆን ስምንት ሆሄ ያለውን መለያ ነው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ደግሞ ቦልድ 9000 ይዘው ይመጣሉ፤ ጀርባው ቆዳ የሚመስል፤ ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ነው የሚያስቀምጡት፣ ቆዳው እንዲታይ። ስለዚህ አሮጌ ቀፎ ወንድማችን «ለሥራ የተሠራው ለዓይን በተሠራው ተሸነፈ» ሲል ግማሹን ነው የነገረን። ለሥራ የተሠራውም ሰው እጅ ከገባ በኋላ ጌጥ ሆኖ ነበር። የሥራ ሰው መምሰል ራሱ ያምር ነበር።

ሥራውን ልንገራችሁ። ዕቁባችን አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ ሻርጃ፣ አንዷ አቡዳቢ፣ ሌሎቻችን እዚሁ። ፈረቃችን አይገናኝም፤ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ትነሣለች። በብላክቤሪ ሜሴንጀር ቡድን ከፈትንና ሰብሳቢዋ «ዛሬ የማን ተራ ነው፣ ማን ከፍላለች» ብላ ትጽፋለች። ከመልእክቱ ጎን አንድ ምልክት ሲታይ ደርሷል፣ ሌላው ሲታይ ተነብቧል ማለት ነው። «አልደረሰኝም» የሚባል ነገር ቀረ። እኔ ቆጣሪው ኋላ ቆሜ፣ እንግዳ እያናገርኩ፣ እጄን ከጠረጴዛው በታች አድርጌ «ከፍያለሁ» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። በእርግጥ በላቲን ፊደል ነው የምንጽፈው፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ሆሄ እያጣመምን። አሥራ ሁለታችን አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ነበረን።

በኦገስት 2010 መንግሥት የብላክቤሪን መልእክት፣ ኢሜይልና ኢንተርኔት ከኦክቶበር 11 ጀምሮ እንደሚያቋርጥ አስታወቀ። መልእክቱ ተመስጥሮ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄድ መቆጣጠር አልተቻለም ነበር ምክንያቱ። እኛ ዕቁቡን በምን እንሰብስብ ብለን ሁለት ወር ተጨነቅን። ቀኑ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ውሳኔው ተነሣ። ያን ዕለት ሰብሳቢያችን «እልል» ብላ ጻፈች፤ አሥራ አንዱም ምልክት ወዲያው «ተነብቧል» ሆነ።


የ2000_ልጅ (ሐዋሳ) ጻፈ፦

ጋሼ አሮጌ ቀፎ፣ እኔ የተወለድኩት ያ አይፎን በወጣበት ዓመት ነው። ቁልፍ ያለው ስልክ የማውቀው የአያቴን ብቻ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም፦ ሁሉም ስልኮች ኢሜይል ከተቀበሉ ብላክቤሪን የተለየ ያደረገው ምንድን ነው? ደግሞስ ቁልፉ ያን ያህል ከስክሪን ይፈጥናል?


ኢ71_ነኝ (ፍራንክፈርት) ጻፈ፦

ወንድሜ የ2000 ልጅ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስልህ። በአገራችን ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ ፖስታ ቤት ሄደህ የራስህን ሣጥን ከፍተህ ታያለህ። ካለ አለ፣ ከሌለ ባዶ እጅህን ትመለሳለህ። የአብዛኛው ስልክ ኢሜይል እንዲህ ነበር፤ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ ሄዶ ሣጥኑን ያያል። የ2007ቱ አይፎንም ከያሁ ሜይል በቀር እንዲሁ ነበር የሚሠራው። በብላክቤሪ ግን ደብዳቤው እንደ ገባ መሃል ያለው አገልጋይ ኮምፒውተር ራሱ ወደ ስልክህ ይገፋዋል። ፖስተኛው በርህን እንደ ማንኳኳት ነው። የብላክቤሪ አምራች የነበረው ካናዳዊው ሪሰርች ኢን ሞሽን የገነነው በዚህ ነው፤ መሣሪያው በ1999 ሲጀመር ስልክ እንኳን አልነበረም፤ ኢሜይል ተቀባይ ብቻ ነበር።

ሁለተኛውን ጥያቄ አሮጌ ቀፎ ራሱ ይመልስልህ። እኔ ስለ ራሴ ልናገር። በ2008 የጭነት መኪና እነዳ ነበር፤ ስልኬ ኖኪያ ኢ71 ነበር። ለዚህ ውይይት ከሁሉ የሚገባው ስልክ እሱ ነው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ነበር። ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ ከብረት የተሠራ፣ ሙሉ የቁልፍ ሰሌዳ ያለው። ባትሪው 1500 ሚሊአምፒር፤ ሦስት ቀን ሲያደርስልኝ አይቻለሁ። የመነሻ ገጹ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የግል። የመጨረሻዋን ዕቃ አራግፌ ሞተር ሳጠፋ ወደ ግሉ እቀይረዋለሁ፤ የሥራው ኢሜይል ከፊቴ ይጠፋል። ሰው ከሥራ መውጣቱን የሚያውቅ ስልክ ከዚያ ወዲያ አላየሁም።

ጥር ላይ እዚህ ያለውን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የማራገፊያው በር ላይ ቆሜ የሱፍ ጓንቴን ሳላወልቅ አረንጓዴዋን ቁልፍ ተጭኜ እመልሳለሁ። የአይፎን መስታወት የሚሰማው የሰውን ቆዳ ነው፤ ለጓንት አይታዘዝም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ለፍትሕ። ኢ71 ብረት ሆኖ ሲያምር የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ 2.5 ሚሊሜትር ነበር፤ ተራ ማዳመጫ አይገባበትም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ወንድሙ ኢ63 ፕላስቲክ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ካሜራውም ያንሳል፤ ነገር ግን 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነበረው፤ ረጅሟን የክፍተት ቁልፍ ተጭነህ ስትቆይ ደግሞ ባትሪ መብራት ይበራል። እኅቴ አዲስ አበባ ላይ ኢ63 ነበራት። መብራት ሲጠፋ ያቺን ቁልፍ ይዛ ነው ደረጃ የምትወጣው።


ቀለምና_ሰሌዳ ጻፈች፦

ስለ ኢ71 ተሸንፌያለሁ፤ ዲዛይኑ ዛሬም ያምረኛል።

ግን «አይፎን በመልክ አሸነፈ» የሚለውን የሚያፈርስ ማስረጃ ላቅርብ። በዲሴምበር 2006፣ ከአይፎን በፊት፣ ኤልጂ ከፕራዳ የፋሽን ቤት ጋር ሆኖ አንድ ስልክ አስታወቀ። ጥቁር መስታወት፣ በጣት የሚነካ፣ ከላይ የታዋቂ ፋሽን ቤት ስም። ለመልክ ከሆነ ከዚያ የበለጠ መልክ ከየት ይመጣል? ውስጡ ግን የተራ ስልክ ምናሌ ነበር። ዛሬ ስሙን የሚያነሣ የለም።

በተቃራኒው ደግሞ ብላክቤሪ በኖቬምበር 2008 ስቶርም የተባለውን አወጣ። ቁልፎቹን አነሣና ሙሉ መስታወት አደረገው፤ ፊደል በነካህ ቁጥር መስታወቱ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ቁልፍ ወደ ታች ይረግጣል። ዋይፋይ እንኳን አልነበረውም። የሌላውን መልክ ሲከተል የራሱን እጅ ጣለ። ስለዚህ መልክና ሥራ የሚለያዩ አይመስለኝም፤ መልክ ከሥራው ሲወጣ ነው የሚያምረው። የአይፎን መስታወት ያማረው ገጹ በሙሉ እንዲታይ ስለተሠራ ነው፤ የአንተ ትሪዮ ቁልፎች ያማሩት ለአውራ ጣት ስለተለኩ ነው። የፓልም መሥራች ጄፍ ሆኪንስ የመጀመሪያውን ፓልም ከመሥራቱ በፊት በዚያው ልክ የተጠረበ እንጨት ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ስብሰባ ላይ ያወጣና የሚጽፍበት መስሎ ይሞክረው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ መልክ አላሰበም ልትለኝ አትችልም።


የዴራ_ልጅ ጻፈች፦

እኅቴ ቀለምና ሰሌዳ፣ በአንድ ነገር ብቻ ላርምሽ። «መልክ ከሥራው ሲወጣ ነው የሚያምረው» ስትዪ ገዢውን ረሳሽው። እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን አጠራቅሜ ከርቩን ስገዛ ግማሹ ምክንያቴ ሥራ ነበር፤ ግማሹ ግን እናቴ ፎቶዬን ስታይ እጄ ላይ እንዲታይ ነው። ያ ፎቶ ዛሬም አዲስ አበባ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሰው ከአገሩ ርቆ ሲኖር ደህና መሆኑን የሚያሳይበት ነገር ይፈልጋል፤ ይህም ለእኔ ከንቱ አልነበረም።


አሮጌ_ቀፎ ጻፈ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዴራዋን እኅታችንን መልእክት ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አንብባ ዝም ብላ ሄደች፤ እሷም ሪያድ አምስት ዓመት ሠርታለች።

የ2000 ልጅ ለጠየቀው ጥያቄ በግምት ከምመልስ ልሞክረው ብዬ ዛሬ ከሰዓት ሁለቱንም ቻርጅ አደረግኋቸው። አይፎኑ በዚያ ሰፊ ገመዱ ወዲያው ተነሣ። ትሪዮው አስቸገረኝ፤ ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ አብጧል፣ ሌላው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው መብራት ያሳየው።

ባለቤቴን አንድ መልእክት እንድታነብልኝ ጠየቅኋት፤ ያኔ በቀን አሥር ጊዜ የምጽፈው ዓይነት፦ ቀጠሮው ከ4 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ተኩል ተዛውሯል፣ ክፍል 412፣ የስምምነት ቅጹን ይዘህ ና። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ ሁለቱንም እያየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አይፎኑ ቀደመ። ስህተቴን ራሱ እያረመ ስለሚሄድ ጣቴ ሳይጨነቅ ሮጠ፤ በትሪዮ ግን ቁጥር ለመጻፍ በየጊዜው ሌላ ቁልፍ መጫን አለብኝ። ይህን አልጠበቅኩም ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «ቁልፉ ይፈጥናል» ስል ኖሬያለሁ።

ቀጥዬ ዓይኔን ባለቤቴ ፊት ላይ አድርጌ ጻፍኩ፤ እሷ ታነባለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። በትሪዮ ሁለት ስህተት ወጣብኝ፤ መልእክቱ ግን ይነበባል። በአይፎኑ የጻፍኩትን ማንም ሰው ሊያነበው አይችልም።

ያኔ ገባኝ። እኔ የምወደው ፍጥነቱን አልነበረም። አስተርጓሚ ዓይኑ ሰው ላይ ነው መሆን ያለበት። ሐኪሙ ከባድ ነገር ሊናገር ሲል ፊቱ ላይ ቀድሞ ይታያል፤ ታማሚዋ ያልገባትን ነገር «እሺ» ስትል ቅንድቧ ላይ ይታያል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ቀን ሲነገር እኔ ያንን ቀን ከእሷ ፊት ዓይኔን ሳልነቅል እጽፈዋለሁ። መስታወቱ ግን እዩኝ እዩኝ ይላል። እኅቴ ቀለምና ሰሌዳ፣ ለአንቺ ሥራ የሚያስፈልገው ልክ እሱ ነው፤ የሙሽራዋ አባትም አንቺም ዓይናችሁን መስታወቱ ላይ ማድረግ ነበረባችሁ። «ለሥራ የተሠራው ለዓይን በተሠራው ተሸነፈ» ያልኩትን እተወዋለሁ። የተሸነፈው ዓይንን ነጻ የሚተው ስልክ ነው። ለዚህ ግን አሁንም አዝናለሁ፤ ልጆቼ ሲያናግሩኝ የማየው አናታቸውን ነው።

አንድ ነገር ላክልላችሁ። ትሪዮ 650 ባትሪው ቢያልቅም በውስጡ ያለው ጽሑፍ አይጠፋም፤ ከእሱ በፊት የነበረው 600 ግን ባትሪው ሲሞት ሁሉን ይረሳ ነበር። ስለዚህ ሲበራ የድሮ ማስታወሻዬ ሁሉ እዚያው ነበር። የቃላት ዝርዝሬን ከፈትኩ። ሐኪም የሚጠቀምበትን ቃል በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ እየጻፍኩ ያጠራቀምኩት ነው፤ ከሁለት መቶ በላይ ነው። ጣፊያ፣ ሐሞት፣ ሰመመን፣ እንቅርት፣ የእንግዴ ልጅ። ሁሉም በላቲን ሆሄ ነው፤ ፊደላችንን አያውቅምና። ሰመመንን ሦስት ቦታ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ጽፌዋለሁ፤ አንዱን ስፈልግ ሌላውን ስለማላገኘው እንደ አዲስ እመዘግብ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ስሞግትለት የነበረው የሥራ ስልኬ የሥራዬን ቋንቋ መጻፍ አይችልም ነበር፤ የወንድሜም እንዲሁ። ያን ሁሉ እሑድ ስንከራከር ይህን አንዳችንም አላነሣነውም።

ዛሬ ማታ ዝርዝሩን በፊደላችን ወደ ኮምፒውተር እገለብጠዋለሁ። አስተርጓሚ የሆነ ወይም መሆን የሚፈልግ ሰው ካለ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።


የ2000_ልጅ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እባክዎ ይለጥፉት። እኅቴ ጎንደር ነርስነት እየተማረች ነው፤ እንግሊዝኛውን ታውቀዋለች፣ አማርኛው ነው የሚቸግራት።


ጥገና_ቤት ጻፈ፦

አሮጌ ቀፎ ወንድሜ፣ ያበጠውን ባትሪ ዛሬውኑ ከስልኩ አርቅ። አትውጋው፣ አትጫነው፣ ቻርጅም እንዳታደርገው፤ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አትጣለው፤ እዚያ አገር አሮጌ ባትሪ የሚቀበሉበት ቦታ አለ። ደህናውንም ቢሆን መገልበጡን ስትጨርስ አውጥተህ ለብቻው አስቀምጠው። ስልኩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ያለ ባትሪ እንደሚቆይ አንተው ነግረኸናል።

ዝርዝሩን ስትለጥፍ እንቅርትን ሦስት ጊዜ አትጻፈው።


አሮጌ_ቀፎ ጻፈ፦

አውጥቼዋለሁ። ሦስት ጊዜ የተጻፈው ሰመመን ነው፤ እንቅርት አንዴ ብቻ ነው ያለው። አሁን ስልሳኛው ቃል ላይ ደርሻለሁ።